የእንግዶች መቃብር ከቡሬ ማዶ

ሐሙስ

ከአዳማ ስነሣ አንድ ባዶ ሳጥን ይዤ ነበር። ርዝመቱ ክንድ ተኩል ይሆናል። ወንድሜ ዳዊት ለሰፈራችን አናጺ ነግሮ ያሠራው ነው፤ ውስጡ ነጭ አቡጄዲ ለብሷል፤ ክዳኑ በማጠፊያ ይዘጋል። መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል ተለጥፎበት ነበር፤ በኋላ ዳዊት መንገደኛው ይደነግጣል ብሎ አስነቀለው። የአባታችንን አፅም ላመጣበት ነው።

አባታችን መምህር አሰፋ በወጣትነቱ ጎጃም ተመድቦ ከቡሬ ማዶ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እኔ የሦስት ዓመት ልጅ፣ ዳዊት ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለን በወባ ሞተና እዚያው ተቀበረ። እናታችን እኛን ይዛ ወደ አዳማ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ እሷም አልሄደችም፤ እኛም አልሄድንም። እሷም ካረፈች ዓመት አልፏታል። በክረምቱ መጨረሻ ላይ ለዳዊት ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ የአባታችን ተማሪ የነበረ ይስማው የሚባል ገበሬ ነው፤ ስልካችንን በመምህራን በኩል ሲያፈላልግ ከርሟል። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አዳራሽ ሊሠራ ስለሆነ የድሮዎቹ መቃብሮች ሊነሡ ነው፣ ባለቤት ያለው ሰው መጥቶ ቢያይ መልካም ነው አለና ስልኩ ተቋረጠ።

ዳዊት ጉልበቱን ያመዋል፤ ረጅም መንገድ አይችልም። እኔ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጊዜም ጤናም አለኝ። «አምጪውና ከእማዬ ጎን እናሳርፈው» አለኝ። የመንገዱ ወሬ ደህና እስኪሆን ጠበቅኩና በጥቅምት አጋማሽ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ረዳቱ ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ሊጭነው ሲል እምቢ አልኩና እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ደምበጫ የምትወርድ ሴት ነበረች። ዓባይ በረሃን ወርደን ደጀን እስክንወጣ ድረስ ሳጥኑን ስታየው ቆየችና ዘመናዊ ቀፎ ነው ወይ አለችኝ። የያዝኩትን ነገር እንዴት ብዬ ልንገራት? ነው ማለት ይቻላል አልኳት። ለካ ጎጃም ውስጥ ቀፎ ይዞ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላችን የነበሩት ሽማግሌ አፉን ከነፋስ አዙሪው አሉኝ፤ አንዱ ወጣት ሰሙን ከየት እንደማገኝ ነገረኝ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ደብረ ማርቆስ ለምሳ ስንወርድ ንቦቼ ምን ያህል እንደሚሰጡ ጠየቀኝ። ፍኖተ ሰላም ስደርስ የታወቅኩ ንብ አርቢ ሆኜ ነበር። መዋሸቴ ቢቆጨኝም ያን ያህል ሰው ተጨንቆ የመከረኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ያደርኩት ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ ያለበት ቤት ነው። ውኃ ጠፍቶ ነበር፤ ባለቤትየዋ ሳልጠይቃቸው በባልዲ ሙቅ ውኃ አመጡልኝ። አዳማ በዚህ ወቅት እንኳ መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው፤ እዚህ ጋቢ ደርቤ ተኛሁ።

ዓርብ

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። በመንገዱ ግራና ቀኝ የኑግ አበባ እርሻውን ቢጫ አድርጎታል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ቡሬ ስንገባ መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታ ነው። ቀድሞ የደረሰ በርበሬ በየሸራው ላይ ተሰጥቶ ነበርና ከሚኒባሱ የወረድኩት እያስነጠሰኝ ነው።

አያ ይስማው ጥቁር ጃንጥላ ይዞ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያለ፣ ነጠላውን በደንብ የተከናነበ ሰው ነው። ለገበያ ቡሬ ሲወጣ የምመጣበትን ቀን በስልክ ነግረነው ነበር እንጂ ምልክት አልተሰጣጠንም፤ ግን ከሰው ሁሉ መካከል ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። በምን እንዳወቀኝ ስጠይቀው «ግንባርዎ የመምህሩ ነው» አለኝ። አባቴን በፎቶግራፍ ብቻ ነው የማውቀው፤ በአንዲት ፎቶግራፍ። እኔ የማላውቀውን ፊት አንድ ሰው ከእኔ ፊት ላይ ሲያነበው እጄ ወደ ግንባሬ ሄደ።

ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ጥቂት በባጃጅ ሄደን ወደ ጥርጊያው ታጠፍን። አንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ ስንደርስ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወርደን ስንገፋ፣ የኋላው ጎማ ሲስፈነጠር፣ ሳጥኑ ከወንበሩ ተንሸራቶ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ጫማዬን ሳላወልቅ ዘልዬ ገባሁ። የገዛ ቀሚሴን ረስቼ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ። ሾፌሩ ከልቡ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምን እንዳለበት ሲጠይቅ አያ ይስማው ምንም የለበትም፣ ባዶ ነው አለው። ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ ሁለታችንንም አየን።

የቀረውን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። አያ ይስማው ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞ ይሄዳል፤ የሚያገኘን ሰው ሁሉ ቆሞ ስለ ከብቱም ስለ አዝመራውም ጠይቆ ያልፋል፤ ስለ ሳጥኑ ግን ማንም አልጠየቀም። አዳማ ጎረቤቴን ሳላየው ሳምንት ያልፋል።

ቤት ስንደርስ ባለቤቱ እቴ የሺ እግሬን ካላጠብኩ ብላ ተጣላችኝ። በዕድሜ ብትበልጠኝ እንጂ አታንሰኝም፤ ስግደረደር ዝቅ ብላ እግሬን ያዘች። የወረዛ ጫማዬን ምድጃ ዳር፣ የሳጥኑን አቡጄዲ ደግሞ አጥሩ ላይ ሰጣችልኝ። እራት የበቆሎ ቂጣ በሽሮ፣ ቀጥሎም የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበች። አዋዜው ዓይኔን ሲያስነባኝ ባልና ሚስቱ እንዳላዩ ሆነው አንገታቸውን ደፉ።

ከእራት በኋላ የሚቆፍሩ ሰዎች ተገኝተው እንደሆነ፣ ቄሱስ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። አያ ይስማው እሳቱን ቆሰቆሰ። «ነገ ይዩት» አለኝ። «ያላዩትን ማንሣት ይከብዳል።» ሸክሙን የሚል መሰለኝና አፅም ምን ይከብዳል ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ቤተ ክርስቲያኗ የእመቤታችን ናት፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ግን ጫካ ብቻ ነው የሚታየው። ዛፍ በሌለው እርሻ መካከል ጥድና ወይራ፣ ዋንዛና ኮሶ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ጣሪያዋ በቅጠሎቹ መካከል ብልጭ ይላል። የግቢውን በር አልፈን ስንገባ ብርሃኑም ድምፁም ተለወጠ። ከላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ከዛፎቹ ላይ እንደ ጢም የተንጠለጠለ ግራጫ ሽበት ይወዛወዛል።

ለማነጻጸር እናቴ ያረፈችበትን ቦታ ልናገር። አዳማ መቃብሩ በረድፍ ነው፤ ሁሉም በሴራሚክ ተሸፍኗል፤ ቁጥር ተጽፎበታል፤ የፕላስቲክ አበባው በፀሐይ ነጥቷል። እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ጃንጥላ ይዤ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በላይ መቆም አይቻልም። ንጹሕ ቦታ ነው፤ አልነቅፈውም። ብቻ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም።

እዚህ ግን ከገባሁ በኋላ የተነሣሁት ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው።

አያ ይስማው በመጀመሪያ በሰሜን በኩል የወላጆቹን መቃብር አሳለመኝ። ከዚያ ዞረን ወደ ደቡብ ስንሄድ ሣሩ ከጉልበቴ በላይ ሆነ። «ይኸ የእንግዶቹ ነው» አለኝ። ከሌላ አገር መጥተው እዚህ የሞቱ ሰዎች የተቀበሩበት ነው። ዘጠኝ ናቸው። ሐረግና ቀጋ ስለዋጣቸው በዓይን ብቻ አይገኙም፤ አያ ይስማው ቅጠሉን በዱላው ገለጥ እያደረገ አንድ በአንድ አስተዋወቀኝ። አንዱ ጨው ነጋዴ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የበቅሎ ሥዕል ተቀርጾበታል፤ የበቅሎዋ ጆሮዎች በዝናብ ተበልተው አሁን በግ ትመስላለች። አንዱ መንገድ ሲሠራ የሞተ ነው፤ ባልደረቦቹ ከመኪና ብረት መስቀል ሠርተውለታል፤ ዝገቱ ወርዶ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ እንደ ዳማ ፈረስ አቅልቶታል። ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል ስትሄድ መንገድ ላይ ያረፈች መነኩሲት አለች፤ ስሟን ማንም አያውቅም፤ በሲሚንቶው ላይ የጠርሙስ ቂጥ ተደርድሮበታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ አረንጓዴ ይበራል። እንግዲህ የማይታወቁ ሰዎች እንዲህ ካማረባቸው የታወቁት ምን ሊሆኑ ነው አልኩ በልቤ።

አባቴ የመጨረሻው ነው። ትልቅ ወይራ ሥር ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል። ወይራው ያኔ አልነበረም፤ ወፍ ይሁን ነፋስ ያመጣው አይታወቅም፤ ሥሩ ድንጋዩን ከታች ገፍቶ አንድ ጥጉን አንሥቶታል። አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ፊቱን ሞልቶታል። አያ ይስማው ከኪሱ ጨርቅ አወጣ፤ አልቧጨረውም፤ ዳበስ ዳበስ አደረገው። ፊደላቱ ቀስ ብለው ወጡ። «መምህር አሰፋ» ይላል፤ ከአሰፋ ላይ «ሰ» አንድ እግሯ አጥሯል። ከሥሩ ደግሞ ሰፋ ሰፋ ባለ እጅ፣ እያንዳንዱ ፊደል የተለያየ ሆኖ፣ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ» ተጽፏል። ሰባተኛዋን የወይራው ሥር ውጧታል።

ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ያኔ ተማሪዎቹ ሰባት ነበሩ። መምህራቸው ሲሞት ድንጋዩን ከወንዝ አምጥተው፣ የአንጥረኛውን መሮ ለምነው፣ ለየራሳቸው አንዳንድ ፊደል ቀረጹ። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላወቁም፤ የሚያውቁት እሱ ያስተማራቸውን ነበር። አያ ይስማው ጣቱን «ሂ» ላይ አሳረፈ። «ይቺ የእኔ ናት» አለኝ። «ጠማማ ናት፤ መሮ ይዤ አላውቅም ነበር።»

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብል ልክ አይሆንም፤ እንባዬ ብቻ ፈሰሰ፤ ልቤ ግን ደስ ብሎት ነበር። ነጭ አበባ ያወጣ አዞ ሐረግ በትከሻዬ ላይ ወርዶ ነበር፤ ሳላነሣው ተቀመጥኩ። አያ ይስማውም ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ቆይቶ ስለ አዳራሹ ነገረኝ። የሚሠራው በዚሁ በደቡብ በኩል ነው፤ ዛፉ ይቆረጣል፤ መሬቱ ይደለደላል፤ ባለቤት የሌለው መቃብር አፅሙ በአንድ ጉድጓድ ይገባል። የሰሜኑን ማንም አይነካውም፤ ልጅ የልጅ ልጅ አለው። ጉባኤው ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። እሱ በዚህ ወገን ዘመድ ስለሌለው ለመናገር አፍ እንደሌለው፣ ቢናገርም ሥራ አደናቃፊ እንደሚባል ገለጸልኝ። ያኔ የትናንት ማታው ነገር ገባኝ።

«አያ፣ የጠሩኝ እንዳነሣው ነው ወይስ እንዳላነሣው?» አልኩት።

ድንጋዩን እንጂ እኔን አላየም። «የጠራሁዎት እንዲያዩት ነው» አለ። «ካዩት በኋላ የሚሉትን እርስዎ ያውቃሉ።»

እሑድ

ሌሊቱን ሳስብ አነጋሁ። ዳዊት አፅሙን አምጪ ብሎ ልኮኛል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ስልክ ደውዬ እንዳልጠይቀው በዚያች መንደር ኔትወርክ የለም። ብወስደው ቃሌን እጠብቃለሁ፤ የቀሩት ስምንቱ ግን የሚናገርላቸው አያገኙም። እሱን ወስጄ እነሱን ለግሬደር መተው አልሆንልሽ አለኝ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሰዉ ከዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሙላት የሚባል የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ቡሬ ላይ እህል ይነግዳል። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። ሲናገርም ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት ልጇን ስትቀብር ዝናቡ እንዴት እንደወረደባት፣ ሐዘንተኛው የሚጠለልበት አጥቶ በየዛፉ ሥር እንደተበተነ ተናገረ። እውነቱን ነው፤ አዳራሹ ያስፈልጋቸዋል።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ልጅ አዋልጃለሁ፤ በጉባኤ ፊት ግን ተናግሬ አላውቅም፤ ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ። አባቴን ልወስድ ሳጥን ይዤ እንደመጣሁ፣ ካየሁት በኋላ ግን እንደማልወስደው ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ አንቺ አገርሽ ሩቅ ነው» አሉኝ። «ነገ ማን ይጠብቀዋል?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ያለኝን ተናገርኩ።

«እኔ አልጠብቀውም፤ እስካሁንም አልጠበቅኩትም» አልኩ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ያላነሣችሁት እናንተ፣ ጥላ የሰጠው ደግሞ ወይራው ነው። እኔ የመጣሁት መቃብሮቹ ባለቤት የላቸውም ስለተባለ ነው። አሁን አላቸው። የአባቴን ብቻ አይደለም የምላችሁ፤ ነጋዴውም፣ መንገድ ሠራተኛውም፣ መነኩሲቷም ዘመድ ከተፈለገላቸው እኔ ነኝ። ዘጠኙም የእኔ ናቸው ብላችሁ ጻፉልኝ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያጠፋሁ መሰለኝ። አቶ ሙላት እሺ፣ ታዲያ አዳራሹን ሰማይ ላይ እንሥራው ወይ አለ፤ በቁጣ ሳይሆን በእውነት ግራ ገብቶት ነው። ያኔ አያ ይስማው ጃንጥላውን ተደግፎ ተነሣ። ከደቡቡ አጥር ማዶ ያለው የባሕር ዛፍ ቦታ የእሱ ነው። ለልጁ ሠርግ ብሎ ያሳደገው ዛፍ ነው። አዳራሹ እዚያ ላይ ይሠራ፣ ዛፉም ተቆርጦ ለአዳራሹ ወጋግራ ይሁን አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ተቀመጠ።

እቴ የሺን ፈልጌ አየኋት። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ዓይኗ ግን ይስቃል። ነገሩን ከእኔ መምጣት በፊት ባልና ሚስቱ መክረውበት እንደነበር ገባኝ። የቸገራቸው መጀመሪያ የሚናገር ሰው ነበር። ቄሰ ገበዙ ተነሥተው መረቁ፤ ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተቀበለ። አቶ ሙላት መጥቶ እጄን ጨበጠኝና ለእሱም እንደቀለለው ነገረኝ። ወይራ ማስቆረጡ እንቅልፍ ነስቶት ከርሟል።

ሰኞ

ልሄድ ስነሣ ሳጥኑ ከበር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ላነሣው ብሞክር አልነቃነቅ አለኝ። እቴ የሺ አቡጄዲውን አድርቃ፣ አጣጥፋ፣ ሳጥኑን በበርበሬ ሞልታዋለች። ለምን ተብሎ እንደተሠራ እያወቀች! ፊቴን አይታ ባዶ ዕቃ ይዞ ከሰው ቤት አይወጣም አለችኝ። ምን ይባላል? ቁጡነቴን የሚያውቁ፣ ሥሬ የነበሩ ነርሶች ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር፤ አቅፌ ሳምኳት።

አያ ይስማው እስከ ቡሬ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሲነሣ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ቆሞ ነበር። ፍኖተ ሰላም ስደርስ ኔትወርኩ ደህና ነበርና የማንጎው ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ወደ ዳዊት ደወልኩ። መንገድ ሙሉ ስመላለስበት የነበረውን ክርክሬን ሁሉ አሰማሁት፤ አዳራሹን፣ ጉባኤውን፣ ዘጠኙን መቃብር። ዳዊት አላቋረጠኝም። በመጨረሻ አላመጣሁትም፣ ይቅር በለኝ አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። የተቆጣ መሰለኝ። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። አዳማ ስንመጣ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን፣ እኔ እናታችን ጭን ላይ ተኝቼ፣ እሱ ግን ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ ነበር። ያየው ገና የተቆለለ ቀይ አፈር ነው። ሣር የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ጥላ የለው። ዳዊት አሁን ከስልሳ አልፏል፤ አባታችንን ባሰበ ቁጥር የሚመጣበት ያ ቀይ አፈር ብቻ ነው። ሳጥኑን ያሠራው ለዚያ ነው።

«አፈሩ ይታያል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይታይም» አልኩት። «ቅጠሉን ካልገለጡ ድንጋዩም አይታይ።»

«ምንም አይታይም?»

«ምንም። ሐረግ ሸፍኖታል፤ አበባ ላይ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማሁት።

«እንኳንም አላመጣሽው» አለኝ።